«ፈራሁ» በእንግሊዝኛ፦ አፍሬይድ፣ ስኬርድና ፍራይትንድ የት የት ነው የሚገቡት?

ጀማሪዋ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ስለ ፍርሃት በእንግሊዝኛ መጻፍ ስጀምር ቃላቱ ይምታቱብኛል። መዝገበ ቃላቱ አፍሬይድንም፣ ስኬርድንም፣ ፍራይትንድንም፣ ቴሪፋይድንም «የፈራ» ብሎ ነው የሚፈታቸው። ከታች ያሉት ስድስት ዓረፍተ ነገሮች ሁሉም ስሕተት እንደሆኑ ተነግሮኛል፤ ለምን እንደሆኑ ግን አልገባኝም። ከእያንዳንዱ ቀጥሎ ለማለት የፈለግኩትን በአማርኛ አስቀምጫለሁ።

1. አይ አፍሬይድ ዶግስ — ውሻ እፈራለሁ።
2. አይ አም ቬሪ ስኬሪ — በጣም ፈርቻለሁ።
3. አይ ሶው አን አፍሬይድ ገርል — አንዲት የፈራች ልጅ አየሁ።
4. አይ አም አፍሬይድ ሂ ዊል ኖት ፎል — እንዳይወድቅ እፈራለሁ።
5. አይ ወዝ አፍሬይድ ባይ ዘ ኖይዝ — ድምፁ አስደነገጠኝ።
6. ዘ ቦይ ኢዝ አፍሬይድ ኦቭ ፒፕል — ልጁ ሰው ይፈራል።

ማረም ብቻ ሳይሆን ምክንያቱን ብትነግሩኝ ደስ ይለኛል።

ሰዋስው፦

እህቴ፣ ከ1 እንጀምር፤ እሱ ከተፈታ ሌላው ይቀላል።

በአማርኛ «መፍራት» ግስ ነው። ፈራ፣ ይፈራል፣ ፈርቷል እያለ ራሱን ችሎ ይረባል። አፍሬይድ ግን ቅጽል ነው። «ዝግጁ» እንደሚለው ቃል ቁጠሪው። በአማርኛ «እኔ ዝግጁ» ብለሽ አታቆሚም፤ «ነኝ» ትጨምሪበታለሽ። አፍሬይድም «ነኝ» ይፈልጋል፤ ያ ደግሞ አም፣ ኢዝ፣ አር፣ ወዝ፣ ወር ነው። ስለዚህ «አይ አም አፍሬይድ»።

ይህን ከያዝሽ አሉታውና ጥያቄውም ይስተካከላል። «አይ ዶንት አፍሬይድ» አይባልም፤ «አይ አም ኖት አፍሬይድ» ነው። «ዱ ዩ አፍሬይድ?» አይባልም፤ «አር ዩ አፍሬይድ?» ነው። ላለፈ ጊዜ ደግሞ «ወር ዩ አፍሬይድ?»። ዱ እና ዲድ የሚመጡት ሌላ ግስ ሲኖር ነው፤ እዚህ ከአም፣ ከአርና ከወር በቀር ግስ የለም።

ቀጥሎ ተሳቢው አለ። አማርኛ «ውሻን እፈራለሁ» ሲል «ን» ግሱን ከሚፈራው ነገር ጋር ያያይዛል። ቅጽል እንዲህ ያለ ተሳቢ በቀጥታ አይቀበልም፤ በመካከል መስተዋድድ ያስፈልገዋል፤ እሱም ኦቭ ነው። «አይ አም አፍሬይድ ኦቭ ዶግስ»። ዶግስ በብዙ ቁጥር የሆነው ውሻ የተባለን ሁሉ ስለሚመለከት ነው። በሩ ላይ ያለውን አንድ ውሻ ከሆነ የምትፈሪው «ኦቭ ዘ ዶግ» ትያለሽ። «ኦቭ ዶግ» ብሎ መተው ግን አያስኬድም፤ አማርኛ ስሙን ባዶውን ስለሚጠቀም ብዙ ሰው እዚህ ይሳሳታል።

ስለ ጊዜም አንድ ነገር ልጨምር፤ እዚህ ላይ ጎበዝ ተማሪ እንኳ ይሰናከላል። በአማርኛ አሁን በዚህች ቅጽበት የፈራ ሰው «ኧረ ፈራሁ!» ይላል። ግሱ የኃላፊ ጊዜ ነው፤ ስሜቱ ግን የአሁን ነው። ራበኝ፣ ደከመኝ፣ በረደኝ ስንልም እንደዚያው። ይህን ቃል በቃል ወስደሽ «አይ ወዝ ስኬርድ» ካልሽ እንግሊዝኛ ሰሚው «ፍርሃቱ አልፎላታል» ብሎ ነው የሚረዳው። ፍርሃቱ አሁንም ካለ «አይ አም ስኬርድ» በይ።

ወደ 3 ስንመጣ፦ አፍሬይድ ከስም በፊት አይቆምም። በ«አ» ድምፅ የሚጀምሩ አንድ የቅጽል ቤተሰብ አሉ፤ አስሊፕ፣ አላይቭ፣ አሎን፣ አፍሬይድ። ሁሉም ከኢዝ ወይም ከወዝ በኋላ ነው ቦታቸው። «ዘ ገርል ወዝ አፍሬይድ» ትክክል ነው፤ «አን አፍሬይድ ገርል» ግን አይሆንም። ከስም በፊት ሲያስፈልግሽ ፍራይትንድን ወይም ስኬርድን ተጠቀሚ፦ «ኤ ፍራይትንድ ገርል»። እዚህ ግን አስተውዪ፤ ይህ «የፈራች ልጅ» ማለት እንጂ «ፈሪ ልጅ» ማለት አይደለም። ባሕርይዋን ለመግለጽ ከፈለግሽ ቲሚድ አለ። ካወርድ የሚለውን ግን በጥንቃቄ ያዢው፤ ስድብ ነው። በአማርኛ ልጅን «ፈሪ ነሽ እኮ» ብሎ መቀለድ ይቻላል፤ ካወርድ ግን ሰውዬው ሊቆምበት ከሚገባው ቦታ ሸሸ የሚል ክስ አለበት።

ቃል ለቃል፦

2ኛውን እኔ ልያዘው። «አይ አም ቬሪ ስኬሪ» ማለት «እኔ በጣም አስፈሪ ነኝ» ነው። ሰሚው ሊስቅ ይችላል፤ ስሕተቱ ግን ለአማርኛ ተናጋሪ ለማረም ቀላል ነው፤ ልዩነቱ በራሳችን ቋንቋ አለና። «የፈራ» እና «አስፈሪ» አንድ አይደሉም። «አስ» ያለበት ቃል ፍርሃቱን የሚፈጥረው ነገር ነው፤ «አስ» የሌለበት ፍርሃቱ የደረሰበት ሰው ነው።

በእንግሊዝኛ የፈራው ሰው መጨረሻው «ድ» ነው፤ አስፈሪው ነገር መጨረሻው «ኢንግ» ነው። ፍራይትንድ የፈራ፣ ፍራይትኒንግ አስፈሪ። ቴሪፋይድ ክፉኛ የፈራ፣ ቴሪፋዪንግ ክፉኛ የሚያስፈራ። ሥርዓቱን የሚያፈርሰው ስኬርድ ብቻ ነው፤ የእሱ ጥንድ ስኬሪ ነው። «ስኬሪንግ ፊልም» አይባልም፤ «ኤ ስኬሪ ፊልም» ነው። አፍሬይድ ደግሞ «አስፈሪ» የሚል ጥንድ ጭራሽ የለውም። «አፍሬይዲንግ» የሚባል ቃል አትፈልጊ፤ የለም።

አጻጻፉ ላይ ደግሞ ሁለት ወጥመዶች አሉ። ስኬርድ ሲጻፍ አር የምትባለው ፊደል አንዴ ብቻ ነው የምትገባው። ሁለት አር ካደረግሽው ስካርድ ይሆናል፤ ትርጉሙም «ጠባሳ ያለበት» ነው። የፊደል ማረሚያ ፕሮግራም ይህን አይይዝልሽም፤ ሁለቱም ትክክለኛ ቃላት ስለሆኑ ዝም ብሎ ያልፈዋል። ስኬሪ ሲጻፍ ደግሞ መካከል ላይ ያለችው ኢ ትወጣና ከአር ቀጥሎ ዋይ ብቻ ይቀራል።

ቴሪፋይድን ያወቀ ሰው ተሪፊክን ሲያይ «አስፈሪ» ብሎ ይገምታል። ሁለቱ ከአንድ የላቲን ሥር ነው የመጡት፤ ዛሬ ግን ተሪፊክ «ግሩም» ማለት ነው። «ዩር ወርክ ኢዝ ተሪፊክ» ከተባልሽ ተመስግነሻል።

አሉታ፦

4ኛው ላይ ማንም እስካሁን አልደረሰም፤ እኔ ግን ከስድስቱ ሁሉ ከባዱ እሱ ይመስለኛል፤ ሰዋስዉ እንከን የለውምና። አንባቢው ስሕተት መሆኑን እንኳ አያውቅም፤ የተገላቢጦሽ ይረዳሽና ያልፋል።

«እንዳይወድቅ እፈራለሁ» ስንል በግሱ ውስጥ አሉታ አለ። የሚያስፈራን ግን መውደቁ ነው። አማርኛ ፍርሃቱን ከምኞታችን በኩል ነው የሚናገረው፤ እንዳይሆን የምንፈልገውን «እንዳይ» ብሎ። እንግሊዝኛ አሉታውን ይተወዋል፤ የሚፈራውን ነገር እንዳለ ነው የሚናገረው። ስለዚህ «አይ አም አፍሬይድ ሂ ዊል ፎል»። አንቺ ኖት ስትጨምሪበት «አለመውደቁ ያስፈራኛል» ሆነ። ለሐኪም፣ ለጎረቤት ወይም ለአለቃ መልእክት ስትጽፊ ይህ ነገሩን ሙሉ በሙሉ ይገለብጠዋል።

መፍትሔው እንዲህ ነው። ወደ እንግሊዝኛ ከመሄድሽ በፊት ዓረፍተ ነገሩን እዚያው አማርኛ ላይ «ብዬ» ወዳለበት አዙሪው። «እንዳይወድቅ እፈራለሁ» የነበረው «ይወድቃል ብዬ እፈራለሁ» ይሆናል። አሁን አሉታው ወጥቷል፤ በቀጥታ መሻገር ትችያለሽ። ሌላ ምሳሌ፦ «እንዳይቀር እፈራለሁ»። ስታዞሪው «ይቀራል ብዬ እፈራለሁ» ነው። መቅረት ማለት አለመምጣት ስለሆነ እዚህ እንግሊዝኛው አሉታ ይፈልጋል፦ «አይ አም አፍሬይድ ሂ ዎንት ካም»። አየሽ፣ ኖት የሚመጣው ከ«እንዳይ» ሳይሆን ከሚፈራው ነገር ነው።

እርግጠኛ ካልሆንሽ በዊል ፈንታ ማይት አስገቢ። ፍርሃቱ ያለፈ ከሆነ ዊል ወደ ዉድ ይለወጣል፦ «አይ ወዝ አፍሬይድ ሂ ዉድ ፎል»።

ከአፍሬይድ ቀጥሎ ግስ ሲመጣስ? እዚህ ሁለት መንገድ አለ፤ አንድ መሰላል እናስብ። አንዲት ሴት መሰላሉ ሥር ቆማ ወደ ላይ ታያለች፤ አልወጣም ብላለች። «ሺ ኢዝ አፍሬይድ ቱ ክላይም»፤ ቱ የመጣው ፍርሃቱ ልታደርገው የምትችለውን ነገር ስላስተዋት ነው። የፈራችው ምኑን ነው? መውደቁን። «ሺ ኢዝ አፍሬይድ ኦቭ ፎሊንግ»፤ እዚህ ኦቭ እና ኢንግ ናቸው፤ መውደቅ ሳይፈልጉት የሚደርስ ነገር ነውና። «አፍሬይድ ቱ ፎል» ካልሽ ለመውደቅ ፈልጋ ድፍረት ያጣች ታስመስያታለሽ። በፈቃድ ለሚደረግ ነገር «ኦቭ ክላይሚንግ» ማለትም ይቻላል፤ በተቃራኒው አቅጣጫ ግን አይሠራም። ስኬርድ፣ ፍራይትንድና ቴሪፋይድም ይህንኑ ሕግ ይከተላሉ።

ባሏ ደግሞ መሰላሉ ጫፍ ላይ ነው እንበል። «ሺ ኢዝ አፍሬይድ ኦቭ ሂም» ካልሽ ባሏን ትፈራዋለች፤ ይመታኛል ወይም ይቆጣኛል ብላ። «ሺ ኢዝ አፍሬይድ ፎር ሂም» ከሆነ ግን አንድ ነገር እንዳይደርስበት ትፈራለታለች። ኦቭ እና ፎር የሚለያዩት «ትፈራዋለች» እና «ትፈራለታለች» በሚለያዩበት መንገድ ነው። «ለት» ወይም «ላት» ካለ ፎር ያዢ።

ድንጋጤ፦

በዚያው መሰላል ልቀጥል፤ 5ኛውም በእሱ ይገባል። መሰላሉ በድንገት ቋ ብሎ ተንሸራተተ እንበል። ሴትዮዋ ክው አለች። ይህ አፍሬይድ አይደለም። አፍሬይድ የሚቆይ ስሜት ነው፤ ውሻ፣ ጨለማ፣ ከፍታ መፍራት። ስለዚህም ባይ የሚባለውን መስተዋድድ አይወስድም። «አፍሬይድ ባይ» የትም ቦታ ትክክል አይሆንም።

ባይ የሚገባው አንድ ድርጊት ሰውን ሲነካው ነው። «ሺ ወዝ ፍራይትንድ ባይ ዘ ኖይዝ» ወይም «ስኬርድ ባይ ዘ ኖይዝ» ትክክል ነው፤ ድምፁ መጣና አስፈራት። «ሺ ኢዝ ፍራይትንድ ኦቭ ላውድ ኖይዝስ» ብትይ ደግሞ ኃይለኛ ድምፅ ሁልጊዜ ትፈራለች ማለት ነው። አንዱ ቅጽል ሁለቱንም መስተዋድድ ሲወስድ ባይ ለአንድ ጊዜው፣ ኦቭ ለሁልጊዜው ነው።

አንቺ ግን ያልሽው «አስደነገጠኝ» ነው። መደንገጥ በአማርኛ ሰፊ ቃል ነው፤ በእንግሊዝኛ ቢያንስ ሦስት ቦታ ይከፈላል።

ድንገት በተሰማ ድምፅ ወይም በድንገት ብቅ ባለ ሰው ብርግግ ማለት ስታርትልድ ነው። አንድ ሁለት ሴኮንድ የሚቆይ፣ ሰውነት የሚዘለው ነው። የአንቺ ዓረፍተ ነገር «ዘ ኖይዝ ስታርትልድ ሚ» ነው መሆን ያለበት።

መርዶ ወይም ያልታሰበ ወሬ ሰምቶ መደንገጥ ሾክድ ነው። እዚህ ፍርሃት ላይኖርበትም ይችላል። «ዋጋውን ስሰማ ደነገጥኩ» የምንለውም ሾክድ ነው።

የአደጋ ምልክት አይቶ መደንገጥ አላርምድ ነው፤ ጭስ ሸተተኝ፣ የልጁ ትኩሳት ጨመረ ሲባል።

ሆሪፋይድን ከቴሪፋይድ ጋር አታምታቺው። ቴሪፋይድ ለራሱ የሚፈራ ነው፤ ሆሪፋይድ ዘግናኝ ነገር አይቶ ወይም ሰምቶ የሚሰቀጥጠው ነው።

ጀማሪዋ፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፤ የ«እንዳይ»ው ነገር ዓይኔን ነው የገለጠው። 6ኛው ግን ቀርቷል። ደግሞ ሁለት ጥያቄ ልጨምር፦ የቃላቱ ደረጃ እንዴት ነው፣ የቱ ነው ቀላሉ፣ የቱ ነው ብርቱው? ሌላው፣ ስልክ ሲደወል «አይ አም አፍሬይድ ሂ ኢዝ ኖት ሂር» የሚል መልስ ሰምቻለሁ፤ ሰውዬው ምን ፈርቶ ነው?

ቃል ለቃል፦

ምንም አልፈራም። እዚያ ላይ አይ አም አፍሬይድ ትሕትና ነው፤ «ይቅርታ፣ የሉም» እንደማለት። ደስ የማያሰኝ መልስ ከመስጠት በፊት ይቀመጣል። ጥያቄ ተጠይቀሽ መልሱ መጥፎ ዜና ከሆነ «አይ አም አፍሬይድ ሶ» አዎን፣ ያሳዝናል ማለት ነው፤ «አይ አም አፍሬይድ ኖት» ደግሞ አይ፣ ያሳዝናል። እዚህ ቦታ ስኬርድ ወይም ፍራይትንድ መተካት አይቻልም፤ «አይ አም ስኬርድ ሂ ኢዝ ኖት ሂር» ካልሽ በእውነት ፈርተሻል። ለመልካም ዜናም አይሆንም፤ «አይ አም አፍሬይድ ዩ ፓስድ» ብትይ ማለፉ እንዳሳዘነሽ ነው የሚመስለው።

ሰዋስው፦

6ኛውን ልመልስ። «ልጁ ሰው ይፈራል» ስንል አብዛኛውን ጊዜ ዓይን አፋር ነው ማለታችን ነው። ለዚህ እንግሊዝኛው ሻይ ነው፤ ድምፁ ከምንጠጣው ጋር አንድ ነው። «ሂ ኢዝ ሻይ»፤ እንግዳ ሰው ላይ ከሆነ «ሂ ኢዝ ሻይ ዊዝ ስትሬንጀርስ»። አፍሬይድ ኦቭ ፒፕል ካልሽ ልጁ ሰው ሲያይ የሚሸሽና የሚያለቅስ ሆኖ ይታያል፤ አንድ ነገር ደርሶበት ይሆን ብለው ሊጨነቁልሽ ይችላሉ።

አማርኛው ፍርሃት ውስጥ አክብሮትም አለ። «አባቱን ይፈራል» የሚለውን ስትተረጉሚ መጀመሪያ የቱን እንደፈለግሽ ወስኚ። አክብሮት ከሆነ ሪስፔክትስ ነው፤ አፍሬይድ ኦቭ ካልሽ ቤት ውስጥ ዱላ ያለ ይመስላል። ፈሪሃ እግዚአብሔር ግን የራሱ የቆየ ቃል አለው፦ «ፊር ጎድ»፣ ሰውየውም «ጎድ ፊሪንግ» ይባላል። «ፈራ ተባ እያለ» የሚለውን ደግሞ በፍርሃት ቃል አትተርጉሚው፤ ሄዚታንትሊ ነው የሚስማማው።

አሉታ፦

ሰዋስው ወንድሜ፣ መጀመሪያ ላይ ስለ አፍሬይድ ያልከው ሁሉ ልክ ነው፤ ግን ያነበበ ሰው እንግሊዝኛ ጭራሽ የፍርሃት ግስ የለውም እንዳይል አንድ ነገር ልጨምር። ፊር ግስም ሆኖ ያገለግላል፤ ያን ጊዜ ተሳቢውን ያለ ኦቭ በቀጥታ ይወስዳል፦ «ዴይ ፊር ዋር»። ችግሩ ለዕለት ንግግር የሚከብድ መሆኑ ነው። ዜናና መደበኛ ጽሑፍ ላይ ያምራል፤ «አይ ፊር ዶግስ» ብሎ ለጓደኛ መናገር ግን መጽሐፍ ማንበብ ይመስላል። «አይ አም ፊሪንግ» ከማለትም ተቆጠቢ። ስም ሲሆን ኦቭ ይመለሳል፦ «ፊር ኦቭ ሃይትስ»፣ ከፍታ መፍራት።

ድንጋጤ፦

ስለ ደረጃው፦ በእኔ አስተያየት ሚዛኑን ከቃሉ ይልቅ የሚያሳይሽ ከፊቱ የምታስገቢው ማጠናከሪያ ነው። ስኬርድ፣ አፍሬይድና ፍራይትንድ ከፍና ዝቅ ይላሉ፤ «ኤ ቢት ስኬርድ» ትንሽ ፈራ፣ «ቬሪ ፍራይትንድ» በጣም ፈራ። ቴሪፋይድ ግን በውስጡ «በጣም» አለበት፤ «ኤ ቢት ቴሪፋይድ» እርስ በርሱ ይጋጫል፤ ቬሪም ብዙ አይስማማውም። አብሶሉትሊ ቴሪፋይድ ነው የሚባለው። ከእሱም በላይ ፔትሪፋይድ አለ፤ ሥሩ ድንጋይ ከሚል የግሪክ ቃል ነው፤ ፈርቶ ድርቅ ያለ፣ እጅ እግሩ የተሳሰረ ሰው ነው።

ከታች በኩል ነርቨስ አለ። ፈተና ወይም የሥራ ቃለ መጠይቅ ሊገባ ያለ ሰው ሆዱ የሚረበሸው ነርቨስ ነው፤ አፍሬይድ ለዚያ ይበዛል። ስጋት ከሆነ ዎሪድ አባውት። አንክሸስ አባውትም ጭንቀት ነው፤ አንክሸስ ቱ ግን ሌላ ነገር ነው፤ «አንክሸስ ቱ ሚት ዩ» ማለት ላገኝሽ ጓጉቻለሁ ማለት ነው። መስተዋድዱ ብቻ ተለውጦ ፍርሃቱ ጉጉት ሆነ።

በሦስቱ መካከል ካለው ምርጫ አንጻር፦ ለጓደኛ ስኬርድ፣ ለየትኛውም ቦታ አፍሬይድ፣ ትረካና ጽሑፍ ላይ ፍራይትንድ። ስትጠራጠሪ፣ ከስም በፊት እስካልሆነ ድረስ፣ አፍሬይድ ኦቭ አያሳፍርሽም።

ጀማሪዋ፦

እንደገና ጻፍኳቸው፤ ተመልከቱልኝ።

1. አይ አም አፍሬይድ ኦቭ ዶግስ።
2. አይ አም ቬሪ ስኬርድ።
3. አይ ሶው ኤ ፍራይትንድ ገርል።
4. አይ አም አፍሬይድ ሂ ዊል ፎል።
5. ዘ ኖይዝ ስታርትልድ ሚ።
6. ዘ ቦይ ኢዝ ሻይ።

አዲስ አንድ ጨምሬያለሁ፦ «አይ ወዝ አፍሬይድ ቱ ሚስ ዘ ባስ» — አውቶብሱ እንዳያመልጠኝ ፈርቼ ነበር።

አሉታ፦

ስድስቱም ልክ ናቸው። አዲሱ ላይ «እንዳይ»ን በደንብ አልፈሽዋል፤ ኖት አላስገባሽም። የቀረው ቱ ነው። አውቶብስ ማምለጥ እንደ መውደቅ ሳይፈልጉት የሚደርስ ነገር ነው፤ ስለዚህ «አይ ወዝ አፍሬይድ ኦቭ ሚሲንግ ዘ ባስ»፣ ወይም «አይ ወዝ አፍሬይድ አይ ዉድ ሚስ ዘ ባስ»። ሁለተኛው ወደ «ያመልጠኛል ብዬ» ይቀርባል።